ቮልዩሙን ከመጨመር በፊት

ማታ ልጆች ሲተኙ ሙዚቃው ይቀነሳል። ወዲያው ዘፈኑ ይከሳል፤ ድምፃዊው ይሰማል፣ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው ግን የሉም። አድማጩ ትንሽ ይጨምራል፣ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ጎረቤት ግድግዳ ያንኳኳል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ስፒከሩ ላይ ይጥላል፤ «ጮክ ካላለ አያምርም» ይላል። ዋናው ምክንያት ግን ያለው ጆሮ ላይ ነው።

የሰው ጆሮ ወፍራምና ቀጭን ድምፅን እኩል አይሰማም። በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ይህንን ለክተው አሳትመዋል። ዛሬ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት፣ በ40 ዴሲቤል ከሚሰማ የ1,000 ኸርዝ ድምፅ ጋር እኩል ለመሰማት የ100 ኸርዝ ወፍራም ድምፅ 64 ዴሲቤል ገደማ ይፈልጋል። ድምፁ ሲጨምር ይህ ልዩነት ይጠባል፣ ሲቀንስ ይሰፋል። ስለዚህ ቮልዩም የቀነሰ ሰው ሳያውቀው ቤዙን አብልጦ ቀንሷል ማለት ነው።

በካሴት ዘመን በብዙ ስቴሪዮዎች ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ የነበረው ለዚህ ነበር። ሥራው ድምፁ ዝግ ሲል የጎደለውን ቤዝ መመለስ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው አንዴ ተጭኖ እንደዚያው ይተወዋል። ድምፁ ሲጨምር ጆሮው ቤዙን በራሱ መስማት ይጀምራል፤ የቁልፉ ሲደረብበት ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ አይለይም። ቁልፉም ስሙ ተበላሸ።

በገና ግን በጾም ወቅት ዝግ ተደርጎ ሲከፈት እንኳ ጥልቀቱ አይጠፋም። ከየክሩ ሥር የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ በምትፈጥረው ንዝረት ወፍራሙ ድምፅ ቀጫጭን ድምፆችን ይዞ ይወጣል። ጆሮ እነዚያን ይይዛል፣ የቀረውን አእምሮ ይሞላል።

ነገሩ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅትን ቁጥር ይመልከት። ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቀዳል። 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ ኢርፎን አድርጎ ቤዙን ፍለጋ ቮልዩሙን ጫፍ የሚያደርስ ወጣት የሳምንቱን ድርሻ በሁለት ቀን ይጨርሳል። በዚህ መንገድ የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

መፍትሔው ስልክ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ቮልዩሙን ይቀንሱ፤ ከዚያ ኢኳላይዘሩን ከፍተው ቤዙን በጥቂት ዴሲቤል ብቻ ከፍ ያድርጉት። ጮክ አድርገው ሲከፍቱ ቤዙን ወደ ቦታው ይመልሱት። በስፒከር ለሚሰማ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ግድግዳ በቀላሉ የሚያሳልፈው ወፍራሙን ድምፅ ነው፤ ቤዝ ሲጨመር ጎረቤትም ይጨመርለታል። ሌሊት ላይ በዝግታ የተከፈተ ኢርፎን ይሻላል።

ጥሩ ስፒከር ለመግዛት ብር የሚያጠራቅም ሰው፣ ከመግዛቱ በፊት ያለውን በዚህ መንገድ አንድ ምሽት ይሞክረው። ስፒከር በሌላ ይተካል፤ ጆሮ ግን መለዋወጫ የለውም።