ገበያው የት ነው?



ከመካከላችሁ በውጭ አገር ልጅ፣ ወንድም ወይም የቅርብ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ይመስለኛል። ስልክ በተደወለ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፤ «ሥራስ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። መልሱንም ታውቁታላችሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» ይባላል። እኔም አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይህንኑ ስመልስ ኖሬአለሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ያ መልሴ ውሸት ስለነበረ፣ ውሸቱም ከእኔ አልፎ ሌላ ቤተሰብ ስለጎዳ ነው።

የተማርኩት ሲቪል ምሕንድስና ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ዘጠኝ ዓመት በመንገድና በድልድይ ሥራ ላይ ቆየሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ቶሮንቶ፣ ካናዳ ገባሁ። የገባሁት በሙያዬ ተመዝኜ ነው። ካናዳ ከ1967 ጀምሮ ለትምህርት፣ ለቋንቋ፣ ለዕድሜና ለሥራ ልምድ ነጥብ እየሰጠች ባለሙያዎችን ትቀበላለች። ዲግሪዬም ተገምግሞ ከካናዳ ዲግሪ ጋር እኩል ነው የሚል ወረቀት በእጄ ነበረ። ያንን ወረቀት እንደ ሥራ ፈቃድ ቆጠርኩት። ስሕተቴ የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። ግምገማው ለመግቢያው ማመልከቻ ያገለግላል እንጂ በኢንጂነርነት አያስፈርምም። በኦንታሪዮ ኢንጂነር ተብሎ ለመጠራትና ሥራን በኃላፊነት ለመፈረም የክፍለ ሀገሩ የመሐንዲሶች ማኅበር ፈቃድ ያስፈልጋል። እርሱም የራሱ ምርመራና ፈተና አለው።

ሌላው ችግር የወቅቱ ገበያ ነበር። የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ በማርች 2022 መጀመሪያ 0.25 በመቶ የነበረውን ወለድ እያከታተለ ጨምሮ በጁላይ 2023 5 በመቶ አደረሰው። ትልልቅ ሕንጻ የሚሠራው በብድር ነው። ብድር ሲወደድ ባለሀብቱ ግንባታውን «ለከርሞ ይሁን» ይላል። ግንባታው ሲዘገይ ደግሞ በመጀመሪያ የሚዘጋው የአዲስ ሠራተኛ በር ነው። በ2023 መጀመሪያ 5 በመቶ ገደማ የነበረው የአገሪቱ ሥራ አጥነት በኦገስት 2024 6.6 በመቶ ደረሰ። ቁጥሩ ሲነገር ትንሽ ነው። ነገር ግን ለአንድ ቦታ ብዙ ሰው በሚሰለፍበት ጊዜ ቀጣሪው የማያውቀውን ሰው ልሞክር አይልም። ያመለከትኩባቸውን ቦታዎች በደብተር እጽፍ ነበር። መቶ አርባ ሲሞላ ደብተሩን ዘጋሁት። መልስ የሰጡኝ ጥቂቶች ሁሉ «የካናዳ የሥራ ልምድ የለህም» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር አባባላቸው ሁሉ ግፍ አልነበረም። በደቡብ ኦንታሪዮ የቤት መሠረት 1.2 ሜትር ያህል ወደ ታች ካልወረደ በክረምት አፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ መሠረቱን ያነሳዋል። መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ደግሞ ወደ ድልድዩ ኮንክሪት ሰርጎ የውስጡን ብረት ያዝገዋል። እኔ ጎርፍን አውቃለሁ፤ የመሬት መንሸራተትን አውቃለሁ፤ ውርጭንና ጨውን ግን አላውቅም ነበር። ይህ ቢበዛ የጥቂት ወራት ትምህርት ነው። ዘጠኙን ዓመት ግን ዜሮ አያደርገውም።

ቤት ኪራዩ እስክማር አይጠብቅምና ብራምፕተን ውስጥ አንድ መጋዘን የሌሊት ሥራ ያዝኩ። ካርቶን ከመኪና ማውረድ፣ መደርደር፣ እንደገና መጫን ነው። ሥራው ሐላል ነው፤ ደመወዙም በሰዓቱ ይከፈላል። የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም። እኔ ግን አፈርኩ።

ደሴ ያለው አባቴ በመጀመሪያው ክረምት «ሥራስ ልጄ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አንድ የመንገድ ድርጅት ውስጥ ገብቻለሁ» አልኩት። አንድ ጊዜ ከተናገርኩ በኋላ መመለስ አልቻልኩም። ስለ አለቃዬ ጠየቀኝ፤ አለቃ ፈጠርኩ። ስለ ቢሮዬ ጠየቀኝ፤ ቢሮ ሠራሁ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ፍረዱኝ። በዚያው ወቅት አንድ ሰው ገንዘብ ከከፈልኩት በካናዳ ሁለት ዓመት እንደሠራሁ የሚገልጽ የሐሰት ማስረጃ ሊያጽፍልኝ ቃል ገባ። «በሐሰት ወረቀት የመጣ ሪዝቅ ቤቴ አይገባም» ብዬ መለስኩት፤ በዚህም ኮራሁ። በወረቀት መዋሸትን እምቢ ያልኩት ሰው በስልክ ግን በየሳምንቱ እዋሽ ነበር።

በ2023 መጨረሻ ላይ አንድ የሰፈራችን ልጅ ደወለልኝ። እርሱም መሐንዲስ ነው። የካናዳ ቪዛው ተፈቅዶለት ሲያመነታ አባቴ ስለ እኔ ያወራውን ሰምቷል። «ጋሼ፣ ገበያው እንዴት ነው? እንምጣ ወይስ ብቻዬን ቀድሜ ልየው?» አለኝ። ይህ ጥያቄ አማና ነበር። «አብሽር፣ ሥራ አለ፣ ኑ» አልኩት።

በሜይ 2024 ከባለቤቱና ከሕፃን ልጁ ጋር መጣ። አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ሻንጣቸውን ለመጫን የመኪናውን ኋላ ስከፍት የመጋዘኑ አብረቅራቂ ሰደርያና ጫፉ ብረት የሆነው የሥራ ጫማዬ ተጋድመዋል። አይቶ ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ሳይት ላይ ነህ ማለት ነው!» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ያን ሌሊት እንግዶቼ ሳሎን ተኝተው እኔ ዓይኔ አልከደን አለኝ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን «ሳይት የለኝም። ካርቶን ነው የማወርደው። በስልክ የነገርኩህ ሁሉ ውሸት ነበር። አውፍ በለኝ» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቱን ብትነግረኝም እመጣ ነበር ይሆናል። ነገር ግን ባለቤቴን ከሥራዋ አላስወጣትም ነበር፤ መኪናዬንም አልሸጥም ነበር። መጀመሪያ ብቻዬን መጥቼ አየው ነበር» አለኝ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት አባቴ ዘንድ ደወልኩ። አንድ በአንድ ነገርኩት። የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ልጄ፣ አንተ ስትደውል እኛ ዘንድ ረፋድ ነው። አንድ ቀን የእህትህን ልጅ ‹እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት› አለኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮ የሚገባ ኢንጂነር የት አገር አለ?» አለኝ። ለካ የእረፍት ሰዓቴ አጋልጦኛል። «ታዲያ አባባ፣ ለምን ሳይጠይቁኝ ቀሩ?» አልኩ። «ብጠይቅህ ሌላ ውሸት እንዳላስጨምርህ ፈራሁ። ካርቶን በማውረድህ አላፈርኩም። እኔ ፊት አንገት በመድፋትህ ግን አዝኛለሁ» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ያልሰማ አይኖርም። ቀደም ብለው ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሰሓቦች አንዱ ናቸው። ኋላም ወደ መዲና ሲሰደዱ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲናው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ጋር አወዳጇቸው። ሰዕድ ከሀብታቸው ግማሹን ሊያካፍሏቸው ፈቀዱ። ዐብዱረሕማን ግን በሀብትህ በረካ ይኑርበት ብለው ዱዓ አደረጉላቸውና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩዋቸው። ሄደው ደረቅ አይብና ቅቤ ነግደው ተመለሱ፤ ሳይቆዩም ትዳር ለመመሥረት በቁ።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ዓይኔ የሚያርፈው በእንግዳው ላይ ነበር፤ አለመለመኑና በገዛ ጥረቱ ማደሩ ይገርመኝ ነበር። አሁን ግን ገበያውን ያሳዩትን ሰዎችም አያለሁ። የሌለ ገበያ አላሳዩትም። ያለውን ባለበት አሳዩት። መካ ውስጥ ትልቅ ነጋዴ የነበረ ሰው በአይብና በቅቤ ሲጀምርም አልሳቀበትም። ያ ወጣት ከእኔ ገንዘብ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ገበያው የት እንደሆነ ነው። እኔም አሳሳትኩት።

እፍረቴ እኔንም ምን እንዳሳጣኝ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በ2013 ባወጣው መመሪያ የካናዳ ልምድን ያለ በቂ ምክንያት ግዴታ ማድረግ አድልዎ መሆኑን አስታውቋል። የመሐንዲሶቹ ማኅበር ራሱ በሜይ 2023 ለፈቃድ የካናዳ ልምድ መጠየቁን ትቷል። የሚፈልገው አርባ ስምንት ወር ልምድ ከውጭ አገር የተገኘም ቢሆን ይመዘናል። ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር ሆኖ ለመሥራት ደግሞ ፈቃዱ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ አንድ ዓመት አለፈኝ። ምክንያቱም ሥራ እንዳለው ሰው እያወራሁ ሥራ እንደሌለው ሰው መጠየቅ አልቻልኩም። (ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮም 25 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው የኦንታሪዮ ቀጣሪዎች በሥራ ማስታወቂያ ላይ የካናዳ ልምድን ግዴታ ማድረግ ተከልክለዋል።)

ከኑዛዜዬ በኋላ በነበረው ጁሙዓ፣ ከሶላት በኋላ ሁልጊዜ ሰላምታ የምንለዋወጥ አንድ ፓኪስታናዊ አዛውንት ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው። እርሳቸው የመጡት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የአገሪቱ ሥራ አጥነት ከ11 በመቶ በላይ በነበረበት ወቅት ነው። መሐንዲስ ሆነው ሳሉ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። «ዓመት ሙሉ እጄን ስትጨብጥ ለምን አልነገርከኝም?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያም ዘመዳቸው የሚሠራበት የኮንክሪት መፈተሻ ላቦራቶሪ ሙቀቱ ገብቶ ግንባታ ሲጀመር ቴክኒሺያኖች እንደሚቀጥር ነገሩኝ። አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ ተፈትኜ ገባሁ።

ሥራዬ ይህ ነው፦ እርጥቡን ኮንክሪት በሾጣጣ የብረት ቅርጽ በሦስት ዙር እሞላለሁ። በእያንዳንዱ ዙር ሃያ አምስት ጊዜ በዘንግ እወቅጣለሁ። ቅርጹን አንስቼ ኮንክሪቱ ስንት እንደወረደ እለካለሁ። በኢትዮጵያ ይህንን ለጀማሪ ልጆች አስተምር ነበር። አሁን እኔ ጀማሪ ሆኜ ጎንበስ እላለሁ። ከመጋዘኑ ብዙም የበለጠ አይከፈለኝም። ነገር ግን ድልድይ አጠገብ ነኝ፤ ውርጩንና ጨውንም እየተማርኩ ነው። የፈቃድ ማመልከቻዬንም አስገብቻለሁ።

ያ ወጣትስ? እኔ በገባሁበት ላቦራቶሪ ቦታ አልነበረውም። ለወራት ምግብ ሲያመላልስ ቆይቶ በሌላ ከተማ የቧንቧ መስመር ሥራ ላይ በረዳትነት ተቀጠረ። ባለቤቱ ግን የተወችውን ዓይነት ሥራ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አላገኘችም። አውፍ ብሎኛል። እርሷ አውፍ ማለቷን ግን ለመጠየቅ እስከ አሁን አልደፈርኩም።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ «ጥሩ ነው» ሲላችሁ ከዚያ በላይ ለመናገር እንዳይፈራችሁ አድርጉ። በሰው ፊት ስለ እርሱ ስታወሩም የማታውቁትን አትጨምሩ፤ የእናንተን ወሬ ሰምቶ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ይኖራል። እናንተ ቀድማችሁ የተሰደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! «እንምጣ ወይ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ የያዛችሁትን ሥራ በስሙ ጥሩት። መጋዘን ከሆነ መጋዘን በሉ። ስንት ወር እንደፈጀባችሁ፣ ስንት በር እንደተዘጋባችሁ፣ የትኛው በር ገርበብ እንዳለ ንገሩ። ለአዲስ መጤ ከምታበድሩት ገንዘብ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ሪዝቅ ከአላህ (ሱ.ወ.) ነው። ወደ ገበያው የሚወስደውን መንገድ በትክክል ማሳየት ግን የእኛ ድርሻ ነው። አላህ ሐላል ሪዝቅንና እውነተኛ አንደበትን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።