ጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል አያጥብም

 

ፋሲካ ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። እናቶቻችን ቤቱን ከሐሜጽ ሲያጸዱ እኛ ደግሞ መኪናውን እናጸዳለን፤ ልጆች ከወንበር ሥር የጣሉትን የዳቦ ፍርፋሪ ስንለቅም ያልገባንበት ቀዳዳ የለም። ፍርፋሪው ከወጣ በኋላ ሁሉም «ውጭውንስ ምን ገዝቼ ላብራው?» ይለኛል። ለእኔ ይህ ሥራዬ ሳይሆን የትርፍ ጊዜ ፍቅሬ ነው። በሙያ ትምህርት ቤት ስለ ላሜራና ቀለም ስለተማርኩ ግን ጠርሙስ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ መግዛት አልወድም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የአጎቴ ነገር ነው። ስንት ዓመት ሌሊት ፈረቃ ፋብሪካ ሠርተው በስተርጅና የመጀመሪያ መኪናቸውን ገዙ። ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ሱቅ ሲገቡ የሚያዩት ሥዕሉን ነው። የሚያብረቀርቅ ቸርኬ የተሳለበት ጠርሙስ አንሥተው ከፈሉ። ለካ አሲድ ነው። በፀሐይ በጋለ ቸርኬ ላይ ረጭተው ቡና ሊጠጡ ገቡ። ሲመለሱ አሉሚኒየሙ በነጭ ነጠብጣብ ተበልቷል፤ ይህ ደግሞ ቆሻሻ ስላልሆነ ታጥቦ አይለቅም። «ልጄ፣ ገንዘቤን ከፍዬ ንብረቴን አቃጠልኩ» አሉኝ። እንደ እሳቸው ያሉ ብዙ አባቶች አሉን።

ወታደር ሳለን መሣሪያ ስናጸዳ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ጥላሸቱ ይወጣል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ መጨረሻ ላይ ስስ ዘይት ይቀባል። ዘይት ያበዛ ሰው የነገቭ አሸዋ ይለጠፍበታል። መኪናም እንዲሁ ነው፦ ማጠብ አንድ ሥራ፣ ጭረት ማጥፋት ሌላ ሥራ፣ መጠበቅ ደግሞ ሦስተኛ ሥራ ነው። ሦስቱንም በአንዴ እሠራለሁ የሚል ጠርሙስ አንዱንም በደንብ አይሠራም።

ማጠብ፦ ቀለም የሚቧጭረው በአብዛኛው ሳሙናው ሳይሆን አቧራው ነው። ከሐምሲን በኋላ መኪናን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በብርጭቆ ወረቀት እንደመፈግፈግ ነው። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ በአንዱ የመኪና ሻምፖ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ። ጨርቁን በየጊዜው በንጹሑ ውኃ እያለቀለቃችሁ ከጣሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። የሰሃን ሳሙና ቅባት እንዲያነሣ የተሠራ ስለሆነ የቀባችሁትን ሰምም አብሮ ያነሣል። ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖርና የውኃ ጎማ ለሌለው፣ ሳይለቀለቅ የሚጠረግ ማጠቢያ አለ፤ አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃዋል። ጭቃ ለበዛበት መኪና ግን አይሆንም። ሁሉንም በጥላ፣ ላሜራው ቀዝቅዞ ሳለ አድርጉት፤ አለበለዚያ የደረቀው ውኃ ነጭ የኖራ ምልክት ይተዋል።

ፖሊሽ፦ ብዙ ሰው ፖሊሽንና ሰምን አንድ ያደርጋቸዋል። ፖሊሽ ውስጥ የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለ። የዘመኑ መኪና ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከፀጉራችሁ ክር ይሳሳል። ፖሊሽ ባደረጋችሁ ቁጥር ከእሱ ትቀንሳላችሁ፤ ካለቀ መፍትሔው እንደገና ማስቀባት ነው። ስለዚህ በየወሩ አይደረግም። አንዳንዱ ፖሊሽ ደግሞ ጭረቱን በዘይት ሞልቶ ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ጥቂት ጊዜ ስታጥቡት ጭረቱ ተመልሶ ይመጣል።

መጠበቂያ፦ ካርናውባ የሚባለው ሰም ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ነው፤ በእኛ አገር የበጋ ፀሐይ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ወር ያገለግላል። በፋብሪካ የተቀመመው ለወራት ይቆያል። ሴራሚክ የሚባለው፣ ዋና ነገሩ ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ የሆነው፣ ገጹ በሚገባ ተዘጋጅቶ ከተቀባ ከዓመት በላይ ይሄዳል። ጠርሙሱ ላይ «9ኤች» የሚል ስታዩ እንደ አልማዝ የጠነከረ አይምሰላችሁ፤ በእርሳስ ጫፍ የሚለካ የጥንካሬ መለኪያ ነው። ድንጋይ ከመታው ይቧጨራል። የወፍ ኩስ ሲያርፍበትም ያው ቶሎ በውኃ አርጥባችሁ ማንሣት አለባችሁ።

ቸርኬ፦ አሲድ የሌለበትን ምረጡ። የፍሬን ብናኝ ሲነካ ወደ ሐምራዊ የሚለወጥ ማጽጃ አለ፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ የሚሟሟው ግን ብረቱ ነው። በቀዝቃዛ ቸርኬ ላይ ርጩት፣ ሳይደርቅም እጠቡት።

አሁን የምለው ከውበት በላይ ነው። የሚያብረቀርቀውን የሲሊኮን ቅባት መሪው ላይ፣ ፔዳል ላይ፣ የጎማው መርገጫ ላይና የፍሬን ዲስክ ላይ አታስነኩ። መሪና ፔዳል ያንሸራትታል፣ ፍሬንም አይዝም። የልጆቻችሁ ነፍስ ከዳሽቦርድ ማብረቅረቅ ይበልጣል።

ጨርቅን በተመለከተ፣ ማይክሮፋይበር ግዙ፤ ስታጥቡት ማለስለሻ አትጨምሩበት፣ ውኃ መምጠጡን ያጣል። መሬት የወደቀ ጨርቅ ደግሞ አሸዋ ይዟልና ቀለም ላይ አይመለስም።

አያቶቻችን በኢትዮጵያ ሳሉ ለፋሲካ አሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው አዲስ ይሠሩ ነበር። መኪና ግን፣ በዚህ አገር ዋጋ፣ ተሰብሮ አዲስ አይሠራም፤ ያለንን መጠበቅ ነው። ዓርብ ጠዋት ጀምሩ፣ ሰንበት ሳይገባ ጨርሱ፤ እጃችሁን ታጥባችሁ በሰላም ተቀመጡ።

ወጣቶች አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባት ወይም አጎት ሱቅ ሲሄዱ አብራችሁ ሂዱ። የጠርሙሱን ፊት እሳቸው ያዩታል፤ ጀርባውን እናንተ አንብቡላቸው።

እግዚአብሔር ከመንገድ አደጋ ይጠብቃችሁ።