በሐዋይ ደሴቶች ስላሉት መጻተኞች እስስቶችና በሆዳቸው ስለሚኖሩት ረቂቃን ጥገኞች

የሐዋይ ደሴቶች በታላቁ የፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ከአህጉራት ሁሉ እጅግ ርቀው የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህም የሰው እግር ሳይረግጣቸው በፊት በምድራቸው ላይ እባብም ሆነ እንሽላሊት አልነበረም። ዛሬ ግን በኦዋሁ ደሴት፣ በካኔኦሄ ከተማ አጠገብ ባሉት አትክልቶች ውስጥ በግንባሩ ላይ ሦስት ቀንድ የተተከለለት አረንጓዴ እስስት ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ በዝግታ ሲረግጥ ይታያል። ቀንዱ የወንዱ ነው።

የዚህ እንስሳ አገሩ ከ1,600 ሜትር በላይ ያለው የኬንያ ደጋ ነው። የጃክሰን እስስት የተባለውም በኋላ የዩጋንዳ አገረ ገዥ በሆነው በፍሬድሪክ ጃክሰን ስም ነው። ወደ ሐዋይ የገባው በ1972 ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አንድ የእንስሳት ነጋዴ 36 ያህል እስስቶች ከኬንያ እንዳስመጣና ከመንገድ ድካም የተነሣ ከስተው ስላገኛቸው እንዲያገግሙ በአትክልቱ ውስጥ እንደለቀቃቸው ይነገራል። እነርሱም አገገሙ፤ ግን አልተመለሱም። እስስት አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል ጣይ ሲሆን ይህኛው ነፍስ ያለው ልጅ ይወልዳል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛውና በእርጥቡ ተራራ ላይ መራባት አልቸገረውም።

የመጣውም ጉዳት ቀላል አይደለም። በኦዋሁ ጫካ በዛፍ ላይ የሚኖሩ፣ ዛጎላቸው እንደ ጌጥ የሚያምር ቀንድ አውጣዎች አሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ይወልዳሉ፤ ልጁም ለመውለድ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። በ2010 በታተመ ምርመራ የእስስቶቹ ሆድ ሲከፈት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ከነዛጎላቸው ተውጠው ተገኙ። ከወገኖቻቸው የአንደኛው ዓይነት የመጨረሻው፣ ጆርጅ የተባለው፣ በጥር 1 ቀን 2019 ሞቶ ዘሩ ጠፍቷል።

ሊቃውንት ግን የእስስቱን ሆድ ስለ ቀንድ አውጣው ብቻ አይመረምሩትም። በአንጀቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ኮክሲዲያ የሚባሉ ጥገኞች ሊኖሩ ይችላሉና። አመራመራቸው እንዲህ ነው። የእስስቱን ኩስ ወስደው ፖታሲየም ዳይክሮሜት በሚባል ብርቱካናማ መድኃኒት ውስጥ ያኖሩታል፤ መድኃኒቱ መበስበስን ይከለክላል፣ የጥገኛው ዘር ግን በውስጡ ይበስላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ከወፍራም የስኳር ውኃ ጋር ሲደባልቁት ዘሩ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ በማይክሮስኮፕ ይመለከቱታል። አንድ ሚሊሜትር በሺህ ቢከፈል የዚህ ዘር ስፋቱ ሃያ ወይም ሠላሳ እጅ ያህል ነው። በውስጡ ሁለት ከረጢቶች በየአንዳንዳቸው አራት አራት ፍሬ ይዘው ቢገኙ ኢሶስፖራ ነው፤ አራት ከረጢቶች ሁለት ሁለት ፍሬ ቢይዙ የአይሜሪያ ወገን ነው። ድምሩ በሁለቱም ስምንት ነው፤ ልዩነቱ በአከፋፈሉ ብቻ ነው። እንግዲህ ለክቶ፣ ሥሎና ቀድሞ ከተጻፉት ጋር አስተያይቶ ከማንኛቸውም የማይገጥም ሲሆን አዲስ ስም ያወጡለታል።

ስለ ስም ካነሣን፣ በ1995 የቼክ ሊቃውንት ከየመን እስስት ያገኙትን አንድ አዲስ ኢሶስፖራ ያራ ጺምርማን በሚባል ሰው ስም ሰይመውታል። ይህ ሰው ግን ከቶ አልተወለደም፤ የአገራቸው ተዋንያን ለሣቅ የፈጠሩት ሊቅ ነው! ቀልዱን እንዲህ ባለ ጽሑፍ ውስጥ ማግኘታችን ደስ ያሰኘናል። የየመኑም እስስት በ2002 በማዊ ደሴት ተገኝቷል፤ በሐዋይ እርሱን ይዞ መገኘት እስከ 200,000 ዶላርና እስከ ሦስት ዓመት እስራት ያስቀጣል።

ዋናው ጥያቄ ጥገኛው ከእንግዳው ጋር መጣ ወይስ ከደሴቱ ተቀበለው የሚለው ነው። እንደ እንሽላሊት ወባ ያለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ ነፍሳት የሚያስፈልገው ጥገኛ፣ ያ ነፍሳት በአዲሱ አገር ካልተገኘ በመንገድ ይቀራል። ኮክሲዲያ ግን ከኩስ ወደ አፍ ስለሚያልፍ አስተላላፊ አያሻውም፤ አንድ የታመመ እንስሳ ይበቃዋል። ከጥገኞቹ የተገላገለ መጻተኛ በአገሩ ካሉት ዘመዶቹ ይልቅ ሊበረታ ይችላል፤ ይዞት ከመጣ ደግሞ ለሌላው ይተርፍ እንደሆነ መመርመር ግድ ነው። ኮክሲዲያ አብዛኛውን ጊዜ የለመደውን እንስሳ ስለማይለቅ በዚህ በኩል ሥጋቱ አነስተኛ ነው።

ሐዋይ ግን ረቂቅ ጥገኛን የምትፈራበት ምክንያት አላት። በ1826 ትንኝ በመርከብ የውኃ በርሜል ወደ ማዊ ገባ። በኋላም ከውጭ በመጡ ወፎች ደም የወፍ ወባ ተከተለ። የአገሬው ወፎች በሽታውን ከቶ አያውቁትም ነበርና ብዙዎቹ ዓይነቶች አለቁ። የተረፉትም አብዛኞቹ ትንኙ ብርዱን ፈርቶ በማይወጣበት በተራራው ራስ ላይ ይኖራሉ፤ አየሩ በሞቀ ቁጥርም ትንኙ ወደ እነርሱ ከፍ ይላል።