«ለክብር ነው» ሲሉን

በከተማችን የመሥሪያ ቤት በዓል ያለ ኪነት አይደምቅም። እኛ ዕጩ መምህራን ስንጠራ ግን «ለክብር ነው» ይሉናል፤ ክፍያ ማንሳት ነውር ይመስለናል። በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዓት ሙሉ አስጨፍሮን በምሳ ሸኘን፤ የባጃጁን ሒሳብ ከበሮ መቺያችን ከኪሱ ቻለው!

ዋልያስ ባንድ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት በነበረበት ዘመን የራሱ መሣሪያ ስለነበረው የምሽት ክበብ ባለቤት ጥገኛ አልነበረም። እኛ ያለን አንድ ከበሮ ነው፤ እንግዲያስ ወረቀት ይቅደም፦ ሰዓቱ፣ ማይክራፎኑ፣ መጓጓዣው፣ አበሉ። ንግግር ሲረዝም የሚቆረጠው የኛ ሰዓት ነውና ተራችንም በመርሐ ግብሩ ይጻፍ። ዳንቶው ይቅደም፣ የአማርኛው ዘፈን ይከተል፤ አዳራሹ የሁለቱም ነው።

በ2006 እና በ2016 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ዋና በዓል እዚሁ ጅጅጋ ተከብሯል። ለመጪው ኅዳር 29 የሚጠራን አይጠፋም፤ ውል ጸሐፊያችን ከወዲሁ ትመረጥ።