ግማሽ ላይ ተጨምሮ ከግማሽ ሲያንስ

«ተማሪው ሒሳብ ይፈራል» የሚለውን ወሬ ጠግበነዋል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ይነሳል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ጉድ አለ። በዓመቱ 3.2 በመቶ ሆነና ያው ጉድ ተደገመ። ኩረጃ ተባለ፣ ስልክ ተባለ፣ ወላጅ ተባለ። የ3ኛ ክፍል መምህሯን ግን ማንም አላነሳትም። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት እሷን ነው። ለወቀሳ አይደለም፤ ወቀሳውስ ሞልቶላታል።

መምህራን የሚፈሩት ነገር አለ ቢባል ዳይሬክተሩን ወይም የደመወዝ መዘግየትን ትጠቅሱ ይሆናል። የዓመቱ መጀመሪያ ላይ፣ ድልድል በሚወጣበት ሰሞን መምህራን ክፍል ቁጭ ብላችሁ ብታዳምጡ ግን ሌላም ትሰማላችሁ። «ሒሳብ ብቻ አይድረሰኝ እንጂ የሰጡኝን እይዛለሁ።» በሳቅ ነው የሚባለው፤ ሰሚውም ይስቃል። አማርኛ ማንበብ ያስፈራኛል ብሎ የሚስቅ መምህር ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? በታችኞቹ ክፍሎች ደግሞ ማምለጫም የለም። አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ ከልጆቹ ጋር የሚውል ከሆነ ሒሳብም አብሮ የእሱ ነው።

ፍርሃቱ ፍርሃት ነኝ ብሎ አይመጣም። መልኩን ይቀይራል። ክፍልፋይ ያለበት ምዕራፍ «ጊዜ አጠረን» ተብሎ ወደ መጨረሻ ይገፋል፣ ከዚያም ሳይደረስበት ዓመቱ ያልቃል። መልመጃው ሰሌዳ ላይ ከነመልሱ ይገለበጥና ልጆቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጡታል። ደብተሩ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ወላጅም ደስ ይለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ልጅ «ለምን?» ሲል የሚመጣው ነው።

እንዲህ ያለ ክፍል ገብታችሁ ይሆናል። ሰሌዳው ላይ ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ተጽፏል። መምህሩ ትንሹን የጋራ ብዜት 6 ብሎ ያወጣል፣ ሦስት ስድስተኛና ሁለት ስድስተኛ ያደርግና አምስት ስድስተኛ ብሎ ያሰምርበታል። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን ታወጣለች፦ «ቲቸር፣ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ብንደምረውስ? ሁለት አምስተኛ አይሆንም?» መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ለአፍታ ይቆማል። «አይሆንም። ሕጉ እንደሱ አይደለም። ጻፊ።»

ልጅቷ ያነሳችው የዓመቱን ምርጥ ጥያቄ ነበር። መልሱም አጭር ነው። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይመጣል? ይህን ለማለት ቀመር አያስፈልግም፤ ቆም ብሎ ማየት ይበቃል። የፈራ ሰው ግን ቆም ማለት አይችልም። ስለ ሒሳብ ጭንቀት ያጠኑ የሥነ ልቦና ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ጭንቀቱ ሐሳብ ለመያዝ የሚያስፈልገውን የአእምሮ ቦታ ይሻማል፤ የሚያውቀውን ሰው እንኳ ያደነዝዘዋል። ስለዚህ መምህሩ አላዋቂ ነው ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም። ብቻውን ሆኖ ሻይ እየጠጣ ቢጠየቅ ሳይመልሰው አይቀርም ነበር።

ይህ የሒሳብ ፍርሃት ይበልጥ የሚያስገርመኝ ከአንኮበር ቁልቁል ወርጄ አሊዩ አምባን ሳስብ ነው። በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን ይህች ከተማ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ እዚህ ይራገፋል፣ አርብ አርብ ገበያው ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የመጡት እንግሊዞች፣ ሃሪስም ጆንስተንም ስለ ገበያው ጽፈዋል፤ ጆንስተን እንዲያውም እዚያው ቤት ይዞ ተቀምጧል። በማርትሬዛና በአሞሌ ጨው መካከል ያለው ምንዛሬ ጨው ከሚወጣበት ስፍራ እንደ መራቁ፣ እንደ ወቅቱም ይለዋወጣል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬው፣ ደገኛው ይህን ሁሉ ሲያሰላ ደብተር አልያዘም። (ስሌቱ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም። እዚያው አጠገብ አብዱል ረሱል ላይ ሰው ይሸጥ ነበር።)

ክፍልፋይስ ቢሆን ለዚህ ሕዝብ ምኑ አዲስ ነው? ገበሬው እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ እያለ ምርት ሲካፈል ኖሯል። የእስልምና ውርስ የሚያካፍሉት ሸህ ደግሞ የሚሠሩት ያንኑ የ5ኛ ክፍሉን ምዕራፍ ነው። ሟች ሚስቱን፣ እናቱንና ወንዶች ልጆቹን ትቶ ከሆነ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል፤ የተረፈው የልጆቹ ነው። ስምንተኛና ስድስተኛ በአንድ ቋንቋ እንዲነገሩ ንብረቱ 24 እጅ ይደረጋል። ለሚስት 3፣ ለእናት 4፣ ለልጆቹ 17 እጅ። ትንሹ የጋራ ብዜት ማለት ይኸው ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ብንሄድም ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣው መሪጌታ ዓመተ ዓለሙን ለ19 እየገደፈ በቀሪው ነው የሚሠራው። የ2018ን ብትሞክሩት ዓመተ ዓለሙ 7518 ለ19 ተገድፎ 13 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመኑ ትተው ወንበሩ 12 ይሆናል።

እንግዲህ ፍርሃቱ ከየት መጣ? ከአገሩ አልመጣም። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መምህር የምንመለምልበት መንገድ ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን ያለፈው ወደ መሰናዶ ይሄዳል፣ ያላለፈው ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ወይም በ10+3 ወደ መምህራን ኮሌጅ። ብዙ ልጅ የጣለው ሒሳብ ነው። በ16 ዓመቱ «አንተ ለሒሳብ አልተፈጠርክም» የሚል ወረቀት ሰጠነው፤ ሠልጥኖ ሲመለስ ደግሞ ሒሳብ የሚጀመርበትን ክፍል አስረከብነው። ከዚያ ለምን ፈራህ ብለን ገረመን! ኮሌጅ ውስጥም ቢሆን ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹን የሚያስተምረው ግን በአማርኛ። ክፍልፋይ ለምን እንደዚያ እንደሚደመር በራሱ አፍ አስረድቶ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ሙከራው 60 ሕፃናት ፊት ይሆናል።

ውጭ አገርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያን ባይሎክና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ 17 የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ሴት መምህራንን አጥንተው ነበር። ዓመቱ ሲጀመር በመምህሯ ጭንቀትና በልጆቹ የሒሳብ ውጤት መካከል ግንኙነት አልታየም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን መምህሯ ይበልጥ በምትጨነቅበት ክፍል ያሉ ሴቶች ልጆች «ሒሳብ የወንድ፣ ንባብ የሴት» የሚለውን ይበልጥ አምነው ተገኙ፤ ያመኑት ውጤታቸውም ዝቅ አለ። የወንዶቹ ልጆች አልተነካም። ጥናቱ ወንድ መምህራንን አላየም፤ በእኛ አገር ቢታይ ወንዱ ፍርሃቱን በቁጣና በአርጩሜ ሸፍኖት ይገኝ ይመስለኛል።

በክልላችን በአማራ ስንት ትምህርት ቤት በግጭቱ ተዘግቶ ስለዚህ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝ ይኖራል። ገብቶኛል። ግን ልጆቹ ሁለትና ሦስት ዓመት አቋርጠው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ይኸው መምህር ነው፤ ያኔ ደግሞ ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ተሙማ የሚባለው የመምህራን የጋራ መማማሪያ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ በአብዛኛው ግን ቅጽ ተሞልቶበት፣ ማኅተም ተመቶበት መደርደሪያ ይገባል። በመማማሪያው ሰዓት አምስት መምህራን አንድ ጥያቄ ይዘው ቢቀመጡስ? ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል ለምን ተገልብጦ ይባዛል? ማስረዳት ያቃተው ይናገር፣ የቻለው ያስረዳ። የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ የትምህርት እቅዱ መጻፉን ብቻ አይቶ ከሚሄድ «የቱ ምዕራፍ ያስቸግርሻል?» ብሎ ይጠይቃት። እሷ ግን በእውነት የምትመልስለት መልሱ በውጤት ተኮር ምዘናዋ ላይ ነጥብ እንደማይቆርጥባት ካመነች ብቻ ነው።