ከበላኤ ሰብ ያነስኩ

የበላኤ ሰብን ታሪክ የማያውቅ ኦርቶዶክሳዊ የለም። 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ ውኃ ለጠማው በሽተኛ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ፣ በፍርድ ቀን ሚዛኑ ለውኃው አድልቶለት ዳነ። በየዓመቱ የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የከተማዬን የቆሰበርን ብርድ በጋቢዬ ተከልዬ ይህን ስሰማ እንባዬ ይመጣል። የማለቅሰው ግን ሚዛኑ ለእኔም እንዲያደላልኝ ነበር እንጂ፣ ለሌላ ሰው እንዲያደላማ አስቤም አላውቅ።

ድንች ነጋዴ ነኝ፤ ከደጋው ጭኜ ወደ ቻግኒ እወርዳለሁ። እዚያ ከተከራየሁበት ግቢ ደጃፍ አንዲት የጉሙዝ ሴት ውኃ ለመነችኝ። ጫፍና ጫፉ ላይ ሸክም የተንጠለጠለበትን እንጨት ትከሻዋ ላይ አጋድማለች፤ ላቧ ይንጠባጠባል። ሰጠኋት። የሰጠኋት ግን በምንጠጣበት ኩባያ አይደለም፤ ዶሮ የሚጠጣበትን የዛገ ጣሳ ከአጥር ሥር አንስቼ፣ ለቅለቅ አድርጌ ነው። ጠጥታ ልትመልስልኝ እጇን ስትዘረጋ «መሬት አስቀምጪው» አልኳት። አስቀመጠችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ሸክሟን አመቻችታ ሄደች። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ጾም ላይ ነበርኩ።

ምክንያቴ «አረማዊት ናት» የሚል ነበር። መሆን አለመሆኗን እንኳ አልጠየቅኳትም። ከጉሙዝ የአባቶቹን ልማድ የያዘ አለ፣ ክርስቲያን አለ፣ ሙስሊምም አለ፤ ለእኔ ግን መልኳ በቂዬ ነበር። የነዳኝ እምነት አልነበረም። ከባሪያ ፍንገላ ዘመን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ንቀታችን ነው። አንገቴ ላይ ማተብ ስላለ ብቻ ንቀቴን ሃይማኖት ብዬ ጠራሁት።

ለመሆኑ ያ የምኮራበት እምነት ከየት መጣልኝ? ክርስትና የተነሳሁት በ40 ቀኔ ነው። ሰይጣንን የካደልኝ፣ ጸሎተ ሃይማኖቱንም የደገመልኝ የክርስትና አባቴ ነው፤ የእኔ ድርሻ ማልቀስ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የተሰጠኝን ነገር፣ ካደግኩ በኋላ በጾሜና በስግደቴ የገዛሁት መሰለኝ። እንደ እቁብ ቆጠርኩት፤ በየሳምንቱ ጥዬ ተራዬ ሲደርስ የማነሳው ገንዘብ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ መዳናቸው በጸጋ፣ በእምነት የተገኘ ስጦታ መሆኑን ነግሮ የትምክሕትን በር ዘግቶባቸዋል። (ይህን ባነሳሁ ቁጥር በሰንበቴያችን «ጴንጤ ሆንክ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጳውሎስን ለሌላ የሰጠነው መቼ ነው? እኛስ ብንሆን ሥራ የእምነት ፍሬ ነው ብለን ተማርን እንጂ ዋጋ ነው ተባልን?)

ከዚያም በላይ እኛ አገዎች የማን ልጆች ነን? ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ የአካባቢው አገዎች ለዓባይ ምንጭ ከብት እንደሚሠዉ ጽፏል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. እዚያው ስለሚቀርበው መሥዋዕት ጽፏል። ግሽ ዓባይ ያለበት ሰከላ ከቆሰበር ሩቅ አይደለም። ወንጌል ለእኛም ዘግይቶ ነው የደረሰን፤ በዚያ ዘመን አንዱ ክርስቲያን ለቅድመ አያቴ ውኃ በምን ዕቃ ሰጥቷት ይሆን?

የሚከብደኝን አቆይቼዋለሁ። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በመተከሉ ዳንጉር የተነሳው ግጭት ወደ እኛው ዞን ተሻግሮ ጃዊ ላይ ብዙ ጉሙዞች ሲገደሉ፣ «የጀመሩት እነሱ ናቸው» ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ከሟቾቹ መካከል ሕፃን አለ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመተከል የተፈናቀሉት ወገኖቼ ቻግኒ፣ ራንች በተባለው መጠለያ ሲሰፍሩ፣ ማንም ሳይለምነኝ ድንች በነፃ አራገፍኩ። እሱን አልጸጸትበትም፤ የተራበ ነበር የበላው። ክርስቶስ ግን ጠላቶቹ ሳለን ነው የሞተልን፤ የእኔ ርኅራኄ መታወቂያ ሳያይ አይንቀሳቀስም ነበር። ሰው በላው እንኳ ውኃውን የሰጠው በሽተኛውን ከየት ነህ ሳይል ነው።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት አዘዙኝና «ልጄ፣ የበደልከው ግን እኔን አይደለም» አሉኝ።

እንግዲህ የበደልኩት ያነበበው እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት። ጉሙዝ የሆንክ ወንድሜ፣ ጉሙዝ የሆንሽ እኅቴ፣ ይቅር በሉኝ። እናንተ የቆሰበርና የዳንግላ ሰዎች ደግሞ፣ ጃዊ ላይ ለሞቱት ጉሙዞች በየሰንበቴያችን አንድ ቀን እንኳ «ነፍስ ይማር» አላልንም። በሚቀጥለው እሑድ እንበል።