የአብሮ አደግ መጽሐፍ

ባለፈው ወር አንድ አሳታሚ ደወለልኝና ፒያሳ ቡና ጋበዘኝ። ወሬው አጭር ነበር። «ከእሱ ጋር አብራችሁ ነው ያደጋችሁት አሉኝ» አለኝ። እሱ ማለት ዘፋኙ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ብዙዎቻችሁ ዘፈኑን ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። «አዎ፣ አንድ ግቢ ነው ያደግነው» አልኩት። «እንግዲያው ጻፍልን። ሬዲዮ ላይ የተወራውን ግን አልፈልግም፤ እኛ የማናውቀውን ነው የምፈልገው» አለና ቅድሚያ የሚከፍለኝን ነገረኝ። የ8 ወር የቤት ኪራዬን ይሸፍናል። እሺ ለማለት ቡናዬን እስክጨርስ እንኳ አልቆየሁም።

ከመጀመሬ በፊት ሌሎች አብሮ አደጎች እንዴት እንደጻፉ ልይ ብዬ ስለ ኤልቪስ ፕሪስሊ በወጣው መጽሐፍ ጀመርኩ። ባልጀምር ይሻለኝ ነበር።

ሬድ ዌስት የሚባል ሰው አለ። ከኤልቪስ ጋር ሜምፊስ ከተማ፣ ሁምስ በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የተማረው። ኤልቪስ ያኔ ጸጉሩን ያሳደገ ድሃ ልጅ ነው። ልጆች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከበው ጸጉሩን ሊቆርጡት ሲሉ ያስጣለው ጉልበተኛው ሬድ ነበር። ኤልቪስ ሲነሳ ሬድም አብሮ ተነሳ፤ ለዓመታት ሾፌሩም፣ ጠባቂውም፣ አልፎ አልፎም የዘፈን ደራሲው ሆነ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1976 ግን የኤልቪስ አባት ሬድን፣ የአጎቱን ልጅ ሶኒ ዌስትንና ዴቭ ሄብለር የሚባል ሌላ ጠባቂ የአንድ ሳምንት ደመወዝ ሰጥቶ አሰናበታቸው። ኤልቪስ ራሱ ፊታቸው ቆሞ አልነገራቸውም።

ሦስቱ ስቲቭ ዳንሊቪ ከተባለ ጋዜጠኛ ጋር ተቀምጠው ያወቁትን ሁሉ ዘረገፉት። ክኒኑን፣ ሽጉጡን፣ ንዴቱን። ኤልቪስ ነገሩን ሲሰማ ለሬድ ደወለለት። ሬድም የስልኩን ንግግር ቀርጾ መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። እዚህ ቦታ ላይ ንባቤን አቁሜ ትንሽ ተነስቼ ሄድኩ። ጸጉሩን ያስጣለለት ልጅ ነው እኮ ድምፁን የቀዳበት።

መጽሐፉ በኦገስት 1977 መጀመሪያ ወጣ። በዚያው ወር በ16ኛው ቀን ኤልቪስ በ42 ዓመቱ ሞተ። ሐዘንተኛው ሁሉ እነ ሬድ ላይ ዞረ፤ ከሃዲ ተባሉ። እነሱ ደግሞ እንዲነቃ ብለን ነው የጻፍነው አሉ። በኋላ ሐኪሙ ላይ ምርመራ ሲደረግ በዚያ ዓመት 8 ወር ውስጥ ብቻ ከ10,000 ፍሬ በላይ መድኃኒት እንዳዘዘለት ታወቀ። ስለዚህ የእነ ሬድ ወሬ ውሸት አልነበረም። ዝም ያሉት ታማኞች ደግሞ ሰውየውን አላተረፉትም። ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ለምጽፈው ነገር ሰበብ ያገኘሁ መሰለኝ።

ሌሎቹ ጊዜ ጠብቀዋል። የጆን ሌነን የልጅነት ጓደኛ ፒት ሾተን መጽሐፉን ያወጣው በ1983 ነው፤ ሌነን ከተገደለ ከ3 ዓመት በኋላ። ጄሪ ሺሊንግ ኤልቪስን በ1954 ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ያገኘው የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ ሲሆን፣ መጽሐፉ የወጣው በ2006 ነው። ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ቀብረው ጻፉ። የሺሊንግ መጽሐፍ ፍቅር አለበት። ግን ሺሊንግ ኤልቪስ ቤት የገዛለት ሰው ነው፤ ሬድ ደግሞ በአንድ ሳምንት ደመወዝ የተሸኘ። ይህን ሳያስቡ ሁለቱን መጻሕፍት ማወዳደር ይከብደኛል።

ወደ እኔው ልመለስ። ጉለሌ፣ አንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ፣ በሮቻችን ፊት ለፊት ናቸው። እናቱ ገበያ ውላ እስክትመለስ እኛ ቤት ነበር የሚበላው። መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣ ቀን የለበሰው ኮት የታላቅ ወንድሜ ነው፤ እጅጌው ረዝሞበት በመርፌ ቁልፍ አያይዘንለታል። ከዚህ ሌላ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። አሳታሚው የሚፈልገው እሱን ነው።

ሦስት ምዕራፍ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የማይረቡ ናቸው። ሦስተኛው፣ ያ ነገር ያለበት፣ በአንድ ሌሊት ወጣልኝ፤ በሙያዬ እንዲህ ጽፌ አላውቅም። ጠዋት አነበብኩትና ስለ እሱ የጻፍኩት ገጽ ሁሉ «እኔ» የሚል ቃል ሞልቶታል። እኔ ነበርኩ፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። አምና እናቴ አረፈች። ለቅሶ አልመጣም። ማናጀሩ በቴሌብር 20 ሺህ ብር ላከልኝ፣ «በሥራ ተወጥሮ ነው» የሚል መልእክት ጨምሮ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባዋ ወጣ፣ አልመጣም። ስደውልለት አያነሳም። ከእናቴ እጅ ሽሮ የበላ ልጅ ነው።

ያቺን ሦስተኛ ምዕራፍ የጻፈው ጋዜጠኛው አይደለም። ለቅሶ ያልተደረሰው ሰውዬ ነው። ለ100 ሺህ አንባቢም አልጻፋትም፤ ስልኩን ለማያነሳ ለአንድ ሰው ነው። ሬድም እንዲህ ይመስለኛል። እንዲነቃ ብለን ነው ሲል አልዋሸም፤ ግን ሰው ጓደኛው እንዲነቃ የሚፈልገው ለጓደኛው ጤና ብቻ ብሎ አይደለም። እንዲያየውም ነው። በአካል በሩ ሲዘጋ በመጽሐፍ ያንኳኳል። ያ ማንኳኳት ደግሞ የሰው ገመና ይዞ ይወጣል።

እኔ ግን ከሬድ አንድ ነገር ይጎድለኛል። ጓደኛዬ እየሞተ አይደለም። ጤነኛ ነው፣ ከልጆቹ ጋር ይስቃል፣ በየሳምንቱ አያቸዋለሁ በቴሌቪዥን። ያ ያልኳችሁ ነገር ቢወጣ የሚድን ሰው የለም። የሚጎዱ ግን አሉ፤ አንዷ እናቱ ናት፣ አሁንም በሕይወት ያለች፣ ለእናቴ ለቅሶ ሦስት ቀን ከቤታችን ያልወጣች።

ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ እሷን አሰብኩ። ለአሳታሚው ዓርብ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ። ከቅድሚያ ክፍያው የሁለት ወር ኪራይ ከፍያለሁ፤ እሱን ከየት አምጥቼ እንደምመልስ እያሰላሁ ነው። ትናንት ማታ ደግሞ ለእሱ በቴሌግራም ጻፍኩለት። ስለ መጽሐፉ አላነሳሁም። «ለእማዬ ለቅሶ ለምን አልመጣህም?» ብቻ ነው ያልኩት። አንብቦታል።